እስፒል በአፍ

የሰፈሩ ሰው ስሟን ረስቶታል፤ እትዬ ሜትር ነው የሚላት። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሰላም እያለችህ እንኳ ትከሻህን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። የሴት ቀሚስ መስፋት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት፤ ቁልፍ የምትተክለውም፣ የምትዘመዝመውም፣ ወሬ የምታመጣውም እሷው።

ሩቅ ያሉ ደንበኞች ልካቸውን የሚሰጡት በስልክ ነው። በውስጥ ልብስ ቆመው፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ ተነስተው ይልኩላታል። "ለባሌ እንኳ እንዲህ ቆሜለት አላውቅም" ያለቻት አለች። እትዬ ሜትር መልሷ ለሁሉም አንድ ነው፦ "ከእኔ ካለፈ ሰው አይደለሁም!" እነዚያ ሁሉ ሴቶች ታዲያ አንዲት የመልእክት አካውንት ውስጥ ነው ያሉት።

አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ስልክ ጠጋኝ ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ በመልእክት የሚመጣልሽን ኮድ ያገኘ ሁሉ ይገባበታል እኮ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሪበት። ለእኔም እንዳትነግሪኝ።"

እዚያው ዞር ብላ ጨመረች። የልደቷን ቀን አላደረገችውም፤ ሰፈሩ ያውቀዋል። የማንንም ወገብ አላደረገችውም፤ ደብተሯ ላይ አለ። ምን እንዳደረገችው እኔንም አትጠይቁኝ።

እህቷ ግን ጠየቀች።

"ለእኔም? ለእህትሽ?"

"ለአንቺም።"

"አንድ ጡት የጠባን!"

"ጡቱ አንድ ነው፤ አፉ ሁለት" አለቻት።

ወይ ኩርፊያ! ሦስት ወር ሙሉ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ሰው የምትነክስ ይመስል ነበር።

የስፌት ቤቱ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ስልክ ሲጮህ እጁ ባዶ የሆነ ያነሣል፤ መልእክት ሲመጣም ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እትዬ ሜትር አንዲት ሙሽራ እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ትሰካለች፤ አፏን እስፒል ሞልቶታል። ስልኳ ጮኸ። እህቷ አነሣችው።

"የዚያች ረጅም ደንበኛችሁ የአክስት ልጅ ነኝ" አለ አንድ ለስላሳ ድምፅ። "የእኔ ኮድ በስህተት እናንተ ጋ ገብቷል። ጉዳይ ይዞኝ ነው፤ እባክሽ እህቴ።"

ወዲያው መልእክት ገባ። እህት እንደ ልማዷ ጀመረች፦ "ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት…"

"እምምም!" እትዬ ሜትር ናት። እስፒሉን እንዳትተፋው የሙሽራዋ እግር ባዶ ነው፤ እንዳትውጠው ነገር! አንድ በአንድ ወደ መዳፏ እስክታወጣው ድረስ እህት ስድስቱንም ቁጥር አንብባ፣ "ምንም አይደል" ብላ ዘግታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

"እስቲ እስከ ታች አንብቢው" አለቻት።

እህት አነበበች። "ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ" ይላል። ፊቷ ዐመድ መሰለ። "ወይኔ! ፎቶዎቹ!" ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

"የእኔም?" አለች ሙሽራዋ፤ ቀሚሷን ጭብጥ አድርጋ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያው ሰውዬ ነው፤ ለስላሳነቱ ግን የለም። እትዬ ሜትር ድምፁን ለቃ ስልኩን ወደ እህቷ አስጠጋች።

"ሌላ የይለፍ ቃል እየጠየቀኝ ነው። ንገሪኝ፤ ቶሎ በይ!"

"መልሺለት" አለች እትዬ ሜትር።

"አላውቀውም!" ብላ ጮኸች እህት። "ለእኔም አልነገረችኝም!" ሦስት ወር ያንገበገባትን ነገር ስትናገር ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እትዬ ሜትር ስልኩን ወሰደች። "ወንድሜ፣ የሌላ ሰው ቤት ሞክር" ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ገብታ አየች፤ ከእሷ ስልክ በቀር አካውንቱ የትም አልተከፈተም። ቀሚሳቸው ያለቀላቸውን ሴቶች ፎቶ አንድም ሳታስቀር አጠፋች። ሙሽራዋን ደግሞ "ቀጥ በይ፣ ገና ጎንሽ ይቀራል" አለቻት።

"እንኳን አልነገርሽኝ" አለች እህት ፊቷን በቁራጭ ጨርቅ እየጠረገች። "ባውቀው እሰጠው ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ፣ እናቴ።"

ስልክ ሲጮህ ዛሬም የሚያነሣው እጁ ባዶ የሆነ ነው። ቁጥር ያለበት መልእክት ሲመጣ ግን እህት ማንም ሳያዛት ሁለት እስፒል አንሥታ ከንፈሯ መሃል ትይዝና ስልኩን ለእትዬ ሜትር ታቀብላለች።