ጭስ ያጣው ቤት

እናቴን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ካለው የገጠር ቤቷ አንሥቼ እንጅባራ ያመጣኋት ሳሏ ስለጠናባት ነው። «ሲሻለኝ ቤቴ ትመልሺኛለሽ» ብላ አስምላኛለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ቤቱን ማን ያጨሰዋል?»

ቤቱ አያቴ የሠራው ክብ ቤት ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር። እንዲህ ያለ ቤት ዕድሜው በጭስ ነው። እሳት ካልነደደበት ነቀዝ ይገባበታል። እናቴ ዓይኗ እያነባ ዕድሜዋን ሙሉ አጭሳዋለች፤ እኔ ደግሞ በዚህ ጭስ ሳል የያዛት ይመስለኝ ስለነበር ስሙ ሲነሣ እንኳ እበሳጫለሁ።

«ጎረቤትሽ በየጠዋቱ ታነድበታለች» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። የቤቱ ቁልፍ ግን እኔው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ጆሮዋን የእኔ ቤት የብሎኬት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመረች። ቁርስ አቅርቤ ስጠራት እጇን አንሥታ ዝም ታሰኘኛለች።

«ስሚ እስቲ። እየበሉት ነው።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ የሚበላ ነቀዝ አልተፈጠረም።»

«የዚህን ቤት መች አልሁሽ?»

ሳቅሁባት። ሳቄ ግን ለራሴም ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ በሚኒባስ ወደ ግምጃ ቤት ወረድኩ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር። በሩን ስከፍት ቤቱ ባዶ አልመሰለኝም። ከግድግዳው ውስጥ፣ በዙሪያዬ ሁሉ፣ ሰው ቆሎ የሚቆረጥም የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ስራመድ ዝም ይላል፤ ስቆም ይቀጥላል። መደቡን ቢጫ ዱቄት ሸፍኖታል። እናቴ ስትቀመጥ የምትደገፍበትን ግድግዳ ብነካው ጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። ፈራሁ፤ ደግሞም አፈርኩ። የማገዶ ትራፊ ለቃቅሜ እሳት አያያዝኩ። ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ ዓይኔን አቃጠለው፤ ቁርጠማው ግን አላቆመም።

ስመለስ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት።

«ገበያው እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው» አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ቀረብ ብላ ነጠላዬን አሸተተች። ከዚያ ትከሻዬን በመዳፏ አራገፈችው። ቢጫው ዱቄት ጉልበቷ ላይ ወረደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ፤ የኔም እዚያው አለቀ።

«ምሰሶው ቆሟል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ለጊዜው ቆሟል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ አይቻት አላውቅም። ሳሏ ከለቀቃት ሰንብቷል። ቤቴ መልሺኝ ግን አላለችኝም።