ፍሬን በያዝኩ ቁጥር

እስቲ ሰምታችሁ ፍረዱ። ኅዳር ላይ ኦስሎ ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል። ዕቃ የማመላልስባት ፒካፕ መብራቷ አልበቃኝ ብሎ ከፊት ሁለት ጨመርኩላት፤ ከኋላ ደግሞ ጭነት ሳወርድ የሚያሳየኝ አንድ ኃይለኛ መብራት ገጠምኩ። ገመዱን የቀጠልኩት ራሴ ነኝ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከፉሩሴት ሰፈር ስወጣ አንዲት ትንሽ መኪና ከኋላዬ ሆና ረጅም መብራቷን ታብለጨልጭብኝ ጀመር። ደሜ ፈላ። “ቆይ አሳይሃለሁ!” ብዬ ሆን ብዬ ፍሬን ያዝኩ። ሹፌሩ ጭራሽ ባሰበት፤ ክላክሱንም ጨመረበት። እኔም ደግሜ ያዝኩ። እንዲህ እየተናደድን ሊንደበርግ ደረስን። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አቁሜ ወረድኩና፣ ማን ይሰማኛል ብዬ በአማርኛ፣ “አንተ ዕውር! ልትገድለኝ ነው?” ብዬ ጮህኩ።

የመኪናው መስኮት ወረደ። ሹፌሯ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሐበሻ ልጅ ናት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“ኔይ፣ አይደለም ጋሼ! ዕውርስ አንተ ነህ ያደረግከኝ!” አለችኝ በአማርኛ።

ክው አልኩ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። “እኔ? ምን አድርጌሽ?”

“ና፣ እዚህ ቁም!” አለችና ከፒካፔ ኋላ አቁማኝ፣ የእኔ ወንበር ላይ ወጥታ ፍሬኑን ረገጠች።

ያ ኃይለኛ መብራት ዓይኔ ላይ ቦግ አለ። ለካ ገመዱን የቀጠልኩት ከፍሬን መብራቱ ጋር ኖሯል! ፊቴን በእጄ ሸፍኜ፣ “በቃ ገባኝ፣ እግርሽን አንሺ!” አልኳት።

አነሳችና እንደገና ረገጠችው።