የእህት ጫልቱ እጆች

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ወርጄ፣ ከእንጦጦ ጦስኝ ለቅማ የመጣች ሴት አጠገብ ስደርስ እግሬ አልራመድ አለኝ። ጠዋት የተለቀመ እርጥብ ጦስኝ ነው፤ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ነክቶታል። ሴትየዋ "ለጉንፋን ነው የኔ እህት?" አለችኝ። "አይ፣ እንዲሁ ነው" ብያት አንድ እፍኝ ገዛሁና ታክሲ ወረፋ ቆምኩ። ዋሸኋት፤ እንዲሁ አልነበረም። እህት ጫልቱ መጥታብኝ ነው።

በልጅነቴ የምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን የካ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሐል የቆመ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው የሰባኪው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ያን ዝናብ አሸንፎ የሚሰማ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የእህት ጫልቱ። ሰማያዊ ጋዋኗን ለብሳ ከመዘምራኑ ፊት ትቆማለች፤ አኮርዲዮኑ ከመጀመሩ በፊት ከትንሽ ፔርሙዝ የጦስኝ ሻይዋን ትጎነጫለች። እኛ ልጆች የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ስለምንቀመጥ ሽታው ይደርሰናል። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አንድ በአማርኛ፣ አንድ በኦሮምኛ ትዘምራለች። የኦሮምኛው ሲደርስ ካራ መንደር በእርሻ ያሳደጓት አባቷ ከኋላ ብድግ ይላሉ፤ እስኪያልቅ አይቀመጡም።

እህት ጫልቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። "ጌታ ለዝማሬ ጠርቶኛል" ብላ ሥራዋን ለቀቀች። ካሴት ልታወጣ ነበር፤ መዝሙሮቹ በደብተር ተጽፈው አልቀዋል፣ ለሽፋኑ የሚሆን ፎቶ ሳይቀር ተነሥታለች። ሊቀረፅ ሁለት ወር ሲቀረው አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት ትንፋሽ ከለከላት። በኦፕራሲዮን ወጣላት፤ ሕይወቷም ተረፈች። እጢው ግን ድምፅ የሚያወጣውን ነርቭ ጠምጥሞ ይዞት ኖሮ፣ ከሹክሹክታ በቀር የተረፋት ነገር አልነበረም።

አሁን የምናገረው ጉባኤያችንን ለማማት አይደለም። የሠራነውን ሁሉ በፍቅር ነው የሠራነው፤ ፍቅርም ይሳሳታል እንጂ። በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ ወንድም ተነሥቶ "ድምፅሽ ይመለሳል፣ ትዘምሪያለሽ፣ ይላል ጌታ" ብሎ ትንቢት ተናገረላት። ከዚያ ወዲያ ማይኳን ማንም አይነካም። እሷም እሑድ እሑድ ጋዋኗን ለብሳ ከማይኩ ኋላ ትቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እናቶች ረቡዕ ረቡዕ ጾመው እንጦጦ ጫካ ይወጡና ስለ እሷ ይጮኻሉ። ልጆች ላስተምር ብላለች፣ የታመመ ልጠይቅ ብላለች፣ ኧረ አዳራሹን ልጥረግ ብላለች። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ግን "ሌላ አገልግሎት ብንሰጥሽ እኮ ጌታን አላመንነውም ማለት ነው። ጠብቂ ልጄ" ይሏታል። ሁለት ዓመት ጠበቀች። ጋዋኑ እየሰፋት ሄደ። ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚያልቅ መጀመሪያ ያየሁት በእሷ ነው።

ትርሲት ታላቅ እህቴ ናት። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ታማ ከዳነች ወዲህ አትሰማም። ትምህርት ቤት አልገባችም። የሰፈሩ ሰው "ዲዳዋ" ይላታል፤ እኛም ቤት ከ"ነይ"፣ ከ"ብዪ" እና ከ"ተዪ" ያለፈ ምልክት አልነበረንም። እሑድ ስንሄድ ተከትላን ትመጣለች። እውነቱን ልናገር፣ አፍርባት ነበር፤ በመሐላችን ሁለት ሰው ሳላስገባ አልቀመጥም።

አንድ እሑድ ጉባኤው ሲበተን እህት ጫልቱ ብቻዋን መድረኩ ላይ ቀርታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ትርሲት ቀጥ ብላ ወጣች። ቤት ውስጥ እማዬ ስታንጎራጉር ጉሮሮዋን በመዳፏ መንካት ልማዷ ነው፤ ዝማሬን የምታውቀው በዚያ ንዝረት ብቻ ነበር። የእህት ጫልቱን ሻሽ ገለጥ አደረገችና ጠባሳው ላይ መዳፏን አሳረፈች። ብትጠብቅ ብትጠብቅ ምንም የለም። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየች በጣቷ የራሷን ጆሮ ነካች፤ ያንን ጉሮሮ ነካች፤ ደግሞ ጆሮዋን። "አንቺም እንደኔ ነሽ" ማለቷ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህት ጫልቱ ግን እዚያው ቁጭ አለችና ትርሲትን አቅፋ ያለ ድምፅ ተንሰቀሰቀች።

በሚቀጥለው እሑድ ያለ ጋዋን መጣች። አጣጥፋ ለጋሽ ታደሰ ስትሰጣቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ስለ ድምፄ የሚጸለየው ይብቃ" አለቻቸው፣ በዚያች ሹክሹክታዋ።

"ተስፋ ቆረጥሽ ልጄ?"

"አልቆረጥኩም። ግን ጌታ ሌላ ነገር እያሳየኝ ማይክ ይዤ መቆም ደከመኝ።"

ጋሽ ታደሰ ጋዋኑን ተቀብለው ታቀፉት። "እንግዲያስ እንደ ቃልሽ ይሁን" አሏት።

መስማት የተሳናቸው ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት እየተመላለሰች የምልክት ቋንቋ ተማረች፤ የተማረችውን ይዛ ከሰዓት ከሰዓት ቤታችን ትመጣለች። ትርሲት ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ስታውቅ ማን ያስቁማት! ባልዲውን፣ ዶሮዋን፣ ከተራራው የሚወርደውን ጉም እያሳየች ስሙን ትጠይቃለች። እማዬም ጎናቸው ተቀምጣ በዚያ ሥራ ባደነደነው ጣቷ ትሞክራለች፤ ስትሳሳት ትርሲት በሳቅ ትፈርሳለች።

ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ አንድ ቀን ትርሲት እጆቿን ወደ እማዬ እያመለከተች ረጅም ነገር ተናገረች። የእህት ጫልቱ ፊት ተለወጠ።

"እትዬ፣ ትርሲት የምትጠይቅዎት ነገር አለ።"

"ምን አለች?"

"'አባቴ ጥሎን የሄደው ሬዲዮውን ስለሰበርኩበት ነው ወይ?' ነው የምትለው።"

አባታችን ሲሞት እሷ ዘጠኝ፣ እኔ አራት ዓመታችን ነበር። ጠዋት ሬዲዮውን ከመደርደሪያ ጥላ ሰብራ ተቆጥቷት ነበር አሉ፤ ከሰዓት ጉበቱ ተነሣበትና ሆስፒታል ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ትርሲት "እሷ ምን ይገባታል" ተብላ ለቅሶው እስኪያልፍ ጎረቤት ተቀመጠች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ተሸክማ አጠገባችን በልታለች፣ ተኝታለች። አንዳችንም አላወቅንም።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?"

"እርስዎ ዝም ብለው በአፍዎ ይንገሯት። እኔ አደርስላታለሁ።"

"ታሞ ነው ልጄ" አለች እማዬ፣ ትርሲትን እያየች። "ሞቶ ነው። አንቺን አልተቀየመም። አልጋው ላይ ሆኖ 'ትርሲትን አምጪልኝ፣ ልያት' ይለኝ ነበር። ያላመጣሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።"

እህት ጫልቱ ሁሉንም በእጆቿ አደረሰች፤ አንዲት ቃል አላስቀረችም። ትርሲት እስከ መጨረሻው አየቻት። ከዚያ ከደረቷ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ፤ የእማዬ ጉልበት ላይ ተደፋች። አባታችንን በዚያን ቀን ነው ያለቀሰችው።

እህት ጫልቱን ታክሲ ልሸኛት ወረድኩ። የልጅ ነገር ሆኖብኝ "በዝማሬሽ ፈንታ ጌታ ይሄን ሰጠሽ ማለት ነው?" አልኳት።

"በፈንታው አይደለም" አለች ቆም ብላ። "ድምፄን ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ ሲናፍቀኝ አለቅሳለሁ። ግን ከዚያ ከኦፕራሲዮኑ አልጋ ለምን እንደተነሣሁ ዛሬ አወቅኩት።"

ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ካሴቱ ሳይወጣ ቀረ፤ ድምፅዋን ለልጆቼ ላሰማ ብል የማሰማው የለኝም። ትርሲት ዛሬ መስማት የተሳናቸውን ሕፃናት ታስተምራለች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬን ልትጠይቅ ትመጣለች። ሰባ ያለፋት እናቴና እሷ ፊት ለፊት ተቀምጠው በእጃቸው ይጫወታሉ። እኔ ዘግይቼ ስለጀመርኩ ግማሹን እንኳ አልከተልም። ድንገት ሁለቱም ይስቃሉ። "ምን ተባባላችሁ?" ስላቸው አይነግሩኝም።