የካናዳው ጠበቃ

ሐዋሳ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ካናዳ ሄጄ በጥብቅና ለመሥራት ማመልከቴን የነገርኩት መናኸሪያ ሰፈር፣ ከቢሮዬ አጠገብ ላለው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ብቻ ነበር፤ እሱም የሕግ ዲግሪዬን ሲያባዛ ስለጠየቀኝ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "በረራው መቼ ነው?" ይለኝ ጀመር።

የምን በረራ! ከካናዳ የመጣው መልስ፣ ዲግሪዬ የውጭ ስለሆነ መጀመሪያ የእነሱን ሕግ አጥንቼ እንድፈተን የሚል ነበር። ስንት ዓመት ችሎት ፊት የቆምኩ ሰውዬ፣ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ የሰው አገር ሕገ መንግሥት ስሸመድድ ከረምኩ። ረፋዱ ላይ ቢሮዬን እከፍታለሁ፤ ደንበኛ የለም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ። ለነባር ደንበኞቼ ስደውልላቸው "አንተማ ሂያጅ ነህ፤ ጉዳያችንን መሀል ላይ ጥለህብን ብትሄድስ?" ይሉኛል። የት ነው የምሄደው? ማን አስገብቶኝ! ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ እንደገና በር ላይ እወጣለሁ።

ባለፈው ሰኞ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። የመሬት ወሰን ክርክራቸውን ይዤላቸው የነበሩ ደንበኛዬ ናቸው፤ አሁን ከጎናቸው ሌላ ጠበቃ ቆሟል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ትከሻዬን በትከሻቸው እየገጩ፦

"እንኳን ለአገርህ አበቃህ ልጄ! መቼ ተመለስክ?" አሉኝ።

አዲሱ ጠበቃቸው መልሴን ይጠብቃል።

"ትናንት" አልኳቸው።