ገጥመህ ስትጨርስ ደውልልኝ

ፊውዝ ሻጯ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መሳቢያ ለመሳቢያ ይፈልጉታል። ሞተር ባስነሣ ቁጥር ፊውዝ የሚቃጠልበት መካኒክ ተማሮ መጥቷል።

«እማማ፣ ተለቅ ያለ ይስጡኝ።»

«ትልቁማ ሞተሩ ሲነድ ዝም ብሎ ያያል። ሞተር ሲነሣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ለዚያች አፍታ የሚታገሠውን ውሰድ። መጠኑ ያው ነው።»

ከኋላቸው ምስማር ላይ የተሰቀለውን፣ አቧራ ያልነካውን የሥራ ጓንት ዋጋ ጠየቀ።

«አይሸጥም፤ የባለቤቴ ነው። እሱም እንዳንተ ችኩል ነበር» አሉና ስልክ ቁጥራቸውን የፊውዙ ካርቶን ላይ ጻፉለት። «ገጥመህ ስትጨርስ ደውልልኝ።»

አመሻሽ ላይ ጎረቤቶቻቸው ሱቃቸውን ዘግተው ሲሄዱ፣ እሳቸው ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሲጠራ አነሡ።

«እማማ፣ ሞተሩ ተነሣ።»

«እሱስ ይነሣል፤ አንተ ደህና ነህ?»