የድሬሰሩ መለኪያ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሚስት ከዲላ ደወለችልኝ። ባሏን ከመጠጥ ለማላቀቅ ሐኪሞች በየቀኑ እየተቀነሰ የሚወሰድ ክኒን ሰጥተውታል።

«እትዬ ትናይት፣ በሱስ ላይ ሌላ ሱስ እየጨመሩበት ነው። ልድፋው?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኔም ጠርጣራ ነኝ፤ ሥጋ ስገዛ ሚዛኑን፣ ሰው ሲስቅልኝ ጥርሱን አያለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ነው ነገሩ።

በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ዲላ ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋ ነበር። እናቴ ሞታ፣ ወንድሜም ለሥራ ርቆ ሄዶ፣ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀርተናል። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ ክር መርፌ ውስጥ አይገባለትም። አንድ ክረምት ደም ሲያስታውከው የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጋሽ በቀለን ጠራሁ። ሰውየው አባቴን መርምሮ ሲያበቃ ምን ቢያዝለት ጥሩ ነው? አረቄ! ጠዋትና ማታ፣ በመድኃኒት መለኪያ፣ በየሦስት ቀኑ ትንሽ እየተቀነሰ።

የጋሽ በቀለ አማት አረቄ አውጪ ናት። ደንበኛዋ እንዳይጠፋባት ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አረቄን በአረቄ ነው እንዴ የሚያክሙት?» አልኩት።

«ባንዴ የተዉትን ሰዎች አይቻለሁ ልጄ። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ» ብሎ ደብተሩን ዘረጋልኝ። ዞር ብዬም አላየሁት።

ከዚያ ለክትባት ወደ ይርጋጨፌ ሲወጣ ጠርሙሱንና ደብተሩን ለእኔ ትቶ ሄደ። ገና ከዓይኔ ሳይርቅ አረቄውን ጓሮ እንሰቱ ሥር ደፋሁት። ዝናብ ስለነበር ሽታው ከጭቃው ጋር ተነሣ። ለአባቴ ድሬሰሩ አቁም ብሏል አልኩት። «እሱ ካለ ምን ይደረጋል» አለ። ሲመሽ አላበው። ቆጮ በጎመን አቀረብኩለት፤ አልዋጥ አለው። እኔ በልቤ ኮርቻለሁ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ጮኾ ወደቀ። ሲንፈራገጥ ምላሱን ነከሰ። የሚዘመዝመው ነጠላ በደም ራሰ። ያን ቀን ገደልኩት ብዬ ነበር።

ጋሽ በቀለ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ባዶውን ጠርሙስ አየና «ደፋሽው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ጥፊ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሌላ አረቄ አስመጥቶ ለአባቴ በመለኪያው ሰጠውና አስተኝቶት ደብተሩን እጄ ላይ አደረገው።

«ከነገ ጀምሮ የምትሰፍሪው አንቺ ነሽ። እጁን እያየሽ ጻፊ።»

ያኔ ነው ያነበብኩት። ሁለት ቦታ ላይ «ባንዴ ተወ፤ ሞተ» ይላል።

ለመስቀል መለኪያው ባዶ ሆነ፤ አባቴ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባ። ከዓመት በኋላ ሰርግ ላይ ቀምሶ ተመልሶ ወደቀ። ጋሽ በቀለ አልተቆጣውም፤ አዲስ ገጽ ገልጦ «እንደገና እንጀምራለን» አለ። ጀመርንም፤ ከዚያ በኋላ አልቀመሰም።

ምላሱ ግን ጎርበጥ ብሎ ዳነ። ሰናይት ማለት አቅቶት ትናይት ይለኝ ጀመር። «ይህም የመጠጥ ጣጣ ነው» ይል ነበር፤ እኔም የእኔ ጣጣ መሆኑን አልነገርኩትም። እንደዚያው እያለኝ ሞተ። ቤተሰቡ የቁልምጫ ስም መስሎት ይኸው እስከ ዛሬ ይጠራኛል።

«አትድፊው» አልኳት። «ደብተር ግዢና የወሰደውን ጻፊ። ያልገባሽን ሐኪሞቹን ጠይቂ።»

አላመነችኝም። «እርግጠኛ ነዎት እትዬ ትናይት?»

እኔም ለማንም ነግሬው የማላውቀውን፣ ስሜ ከየት እንደመጣ ነገርኳት።