ልጄን ያቀሉበት ፎቶ

የልጄን መርዶ የሰማሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። በር ሲንኳኳ ከፈትኩ... የሰፈር ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ደጅ ቆሟል። ልጄ ዳንኤል ለፊልም ቀረጻ ክፍለ ሀገር ሄዶ ሲመለስ መኪናቸው ተገልብጦ ነበር።

ረፋዱ ላይ ቦሌ ሚካኤል በራችን ላይ ድንኳን ተተከለ። ደግፈው ሲያስገቡኝ ፊት ለፊት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሸሚዙ የዳንኤል ነው። ፊቱ ግን የቀይ ሰው ፊት ነው። ለአፍታ «ተሳስተዋል፣ የሞተው የእኔ ልጅ አይደለም» ብዬ ልቤ ዘለለ።

ልጄ ጥቁር ነው። ሰፈሩ «ባሪያው» እያለ ነው ያሳደገው። ስቆጣ «በፍቅር እኮ ነው» ይሉኛል። ተዋናይ ከሆነም በኋላ የሚሰጡት ዘበኛ ወይም ሌባ ነበር። አንድ ጊዜ ለዶክተርነት ጠርተውት፣ መልኩን ሲያዩ ሌባውን ሰጡት።

ፎቶውን ያሠራችው ጎረቤቴ አስካለች ናት።

«አስካለች፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?» አልኳት።

«ያንቺው ነው እንጂ እህቴ። ፎቶ ቤቱን ትንሽ ፈካ አድርገው አልኩት። ስንት ትልቅ ሰው ይመጣል... ጠቁሮ ከሚታይ ብዬ።»

ፈጣሪ ሳይሳሳት የሠራውን የፎቶ ቤት ኮምፒውተር አረመልኝ።

እንዲህ የምትለኝ ሴት፣ የዳንኤል ፊልም ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አዳራሽ ሲመረቅ ከጎኔ ተቀምጣ ያየች ናት። ሌባ መሆን ሲሰለቸው ከጓደኛው ከቢኒያም ጋር የሠራው አጭር የቀልድ ፊልም ነው። አንድ ጥቁር ልጅ ለሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ፎቶውን ይልካል። እነሱም «ዘሩ ይጣራ» ይላሉ። ፎቶ ቤቱ ያቀላዋል፤ አሁንም አይበቃቸውም፤ ደግሞ ያቀላዋል። በመጨረሻ ፊቱ ጠፍቶ ወረቀቱ ላይ ሸሚዝ ብቻ ቀረ። «አሁን የጨዋ ልጅ መሰለ» አሉና ልጃቸውን ለሸሚዙ ዳሩ። አስካለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሏት።

እኔ ግን ያን ቀይ ልጅ እያየሁ ማልቀስ አቃተኝ። አልቃሿ ስሙን ትጠራለች፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ እኔ ደርቄ ተቀምጫለሁ።

ቢኒያም መጣና ፎቶው ፊት ቆሞ ቀረ። አውርደው አልኩት። አስካለች የቀብር ሰዓት መድረሱን ነገረችኝ፣ ሰው ምን ይላል አለችኝ።

«ሰው እስካሁን ያለው ይበቃል» አልኳት።

ቢኒያም ስልኩ ላይ ያለውን የዳንኤልን ፎቶ ይዞ ወደ ፎቶ ቤት ሄደ። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ጠበቅን፤ ካህናቱም ታገሡን። አዲሱ ፎቶ ሲሰቀል... ጥቁሩ ልጄ፣ ግንባሩ ወዝቶ፣ እየሳቀ። ከማለዳ ጀምሮ እንቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ከኋላዬ አስካለች አጠገቧ ላለችው ሴት «የበፊቱ ይሻለው ነበር» ስትል ሰማኋት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ስመ ክርስትናው ኃይለ ሚካኤል ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ለጸሎት ስሙ ይበቃል... መልኩን የሚጠይቃችሁ የለም።